ጌሾው እስኪደርስ

ጠጅ የጠጣ ወንድ ሁሉ የሚያመሰግነው ማሩን ነው። አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ «ማሩ ግሩም ነው!» ይላል። ጌሾውን ያመሰገነ ወንድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ማርማ በዚህ አገር ምን ጠፍቶ! ከሐረና ጫካ በቅል እየተሞላ ይወጣል፤ ነጩም ቀዩም አለ። የጠፋው ጌሾ ነበር። እኔን ወለተኢየሱስን ከባለቤቴ ያጣላኝ፣ ከሰው ለይቶ በዚህ ጋራ ላይ ያስቀረኝ እሱ ነው። በዲንሾና በጎባ መካከል የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ «ጎረቤት በሌለበት፣ ገበያ በሌለበት፣ ይህ ቤት ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ነገሩን ባነሣሁት ቁጥር እንደ አዲስ ያበግነኛል፤ ቢሆንም ልናገረው።

ከቡልጋ የወጣሁት ደምመላሽን ተከትዬ ነው። ደምመላሽ ባለቤቴ ጠመንጃ ያዥ ወታደር ነበር። ይህ አገር በጦር ከተያዘ በኋላ የጦሩ አለቃ ፊታውራሪው ወታደሩን ከነሚስቱ አምጥተው አሰፈሩት። ሌላዋ ሴት ወፍጮዋንና ልብሷን ስትጭን እኔ የጫንኩት ከእናቴ ጓሮ የነቀልኩትን የጌሾ ችግኝ ነው። ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከራሴ በፊት እሱን ውሃ እያጠጣሁ ስንቱን ወንዝ ተሻገርኩ። ሴቶቹ «ወለቴ ልጇን አዝላ መጣች» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ! እናቴ በሙያዋ የተመሰገነች ጠጅ ጣይ ነበረች፤ እኔም የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። በአዲሱ አገር የራሴን ጠጅ ቤት ከፍቼ፣ አንድ ቦታ ተተክዬ፣ ከዚያ ሳልነቃነቅ አርጅቼ መሞት ነበር ሐሳቤ። ሌላ የለመንኩት ነገር የለም።

ጌሾን የማያውቅ ሰው «ለአንድ ቁጥቋጦ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ይላል። ጠላ ቢሆን ግድ የለም፤ ቅጠሉን ቀጥፎ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ መጣል ነው። ጠጅ ግን እንጨቱን ይፈልጋል። እንጨቱ ደግሞ አውራ ጣት እስኪያህል ድረስ ዓመታት ይፈጃል። ነጋዴ ከሸዋ የሚያመጣው ከጨው ጋር በአህያ ጀርባ ስንት ወር ተንገላትቶ፣ ነቅዞ፣ ምሬቱ ጠፍቶ ነው የሚደርሰው። እሱን ጋን ውስጥ ከመጨመር የመጥረጊያ እጀታ መጨመር ይሻላል። ጠጁ ወይ እንደ ሕፃን መድኃኒት ይጣፍጣል፣ ወይ በሳምንቱ ይሆመጥጣል።

የመጀመሪያው ከተማ የተቆረቆረው ሲናና ሜዳ ላይ ነው። የዚያን ዘመን ከተማ እንደ ዛሬው አይምሰላችሁ። በመካከል የጌታው አዳራሽ፣ ዙሪያውን የወታደር የሣር ጎጆ፣ ዳር ዳሩን አጥር፤ በቃ፣ ከተማ ይኸው ነው። ጎጆዬን ሠራሁ፣ ጌሾዬን ከጓሮ ተከልኩ፣ ችግኙ ያዘልኝ፤ በጎኑም ሌሎች አበቀልኩ። እልል ልል ስል ማገዶ አለቀ። ሜዳ ላይ ከተማ ሲቆረቁሩ ማገዶ ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ አንድ ወንድ አልነበረም! ነጋሪት ተጎሰመ፤ ከተማው ይነሣ ተባለ። ደምመላሽ የጎጆውን ወጋግራ ነቅሎ ጫነ፣ እኔ ችግኞቼን ነቅዬ ጫንኩ።

ሁለተኛው ከተማ ወደ ዲንሾ በሚያወጣው ከፍታ ላይ ሆነ። እንጨት ሞልቷል፤ ግን ውርጩ! ጠዋት ስነሣ ሣሩ ነጭ ለብሶ አገኘዋለሁ። ችግኞቼን በሣር ሸፈንኩ፣ በጎን በጎናቸው ፍም ቀበርኩ፣ ነጠላዬን ሳይቀር አለበስኳቸው። ከእናቴ ጓሮ ከመጣችው ከአንዲቱ በቀር ሁሉም ጠቁረው ቀሩ። እኔ በየጠዋቱ በውርጩ ላይ እጮሃለሁ፣ ደምመላሽ «ወለቴ፣ ውርጭ ጆሮ የለውም» ይለኛል። ፊታውራሪውም ብርዱ ሲጠናባቸው እንደገና ነጋሪት አስጎሰሙ። በዚህኛውስ አልተከፋሁም።

ሦስተኛው ይህ አሁን ያለሁበት ነው። ቦታውን ሲመሩን ባለቤቶቹ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ማዶ ሲወርዱ አየሁ። ዞር ብዬ አላጤንኳቸውም፤ ዓይኔ ያረፈው በበረታቸው ላይ ነበር። ዙሪያው የድንጋይ ካብ ነው፤ ነፋስም ውርጭም አይገባው። አፈሩ የስንት ዘመን እበት ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል። «ደምመላሽ፣ ጎጆውን እዚህ በረቱ አጠገብ ሥራልኝ» አልኩት። የተረፈችኝን አንዲት ችግኝ በበረቱ መካከል ተከልኳት።

ያዘች። መያዝ ብቻ አይደለም፤ ከእናቴ ጓሮ እንኳ እንደዚያ ያለ ጌሾ አላየሁም። ቁመቷ ከካቡ አለፈ፤ ቅርንጫፏን እየቆረጥኩ በጎኗ ስተክል እሱም ያዘ፤ በረቱ ሞላ። ያን ጊዜ ማርና ማገዶ የምታመጣልን ሙሚና የምትባል የአገሩ ሴት ነበረች፤ ባሏ ለደምመላሽ የተመራ ገባር ነው። ቅሏን አውርዳ፣ ማሩን አስረክባ፣ ከመሄዷ በፊት ሁልጊዜ ካቡን ተደግፋ ጌሾዬን ታያለች። አትናገር፣ አትስቅ፤ ዝም ብላ ታያለች። ወንዱ ሁሉ ዞር ብሎ ያላየውን ጌሾ ይህች አንዲት ሴት በማድነቋ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ እንጨቱ ደረሰ። ቆረጥኩ፣ ላጥኩ፣ አደረቅኩ። ጋኑን በወይራ አጥኜ ጠጅ ጣልኩ። የዚያን ጠጅ ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ! ጥርት ያለ፣ መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ኋላ ከምላስ ሥር መረር የሚል። ወታደሩ ዋንጫ ለዋንጫ እያጋጨ ጠጣ። እና ምን አሉ? «ማሩ ግሩም ነው!» ይሁን፣ ጠጥተው ይጥገቡ እንጂ ብዬ ተውኩት። ቤቴ ሞላ፤ የልቤም ደረሰ።

ወዲያው ነጋሪት ተጎሰመ።

«እቃ አሰናጂ፤ ከተማው ወደ ጎባ ይነሣል» አለ ደምመላሽ።

«ጌሾውስ?»

«የምን ጌሾ?»

የምን ጌሾ አለ! ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሮ፣ አጠገቡ ተኝቶ፣ የምን ጌሾ አለ!

«እኔ አልነሣም» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። መቀመጤን ሲያይ ሳቁን አቆመ። «ወለቴ፣ አብደሻል? ጌታዬ ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ሚስቴ ከቅጠል ጋር ቀረች ልበል?»

«ከእንጨት ጋር በል። ቅጠሉ ለጠላ ነው።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!»

«በብብቴ ምን አለና? ሁለት ጊዜ ቤት ሠርቼ ሁለት ጊዜ አፍርሻለሁ። ከእንግዲህ ላንድም ጌታ ማገዶ ብዬ ቤቴን አላፈርስም። ጎባ ሩቅ አይደለም፤ በበቅሎ ግማሽ ቀን ነው። ጥሩ ጠጅ ያለበትን ወታደር ያውቀዋል፤ እየጋለበ ይመጣል።»

«አይመጣም» አለ።

«ይመጣል።»

እሱ የጌታ ሰው ነው፤ ነጋሪት ሲመታ መሄድ አለበት። ተቆጥቶ ሄደ። ሲሄድ ደግሞ በሩን ነቅሎ ጫነው! ከጽድ ተጠርቦ የተሠራ በር ነበር፤ ጎባ ላይ እንዲህ ያለ በር አይገኝም አለኝ። እኔ በባዶው ደፍ ላይ የላም ቆዳ ሰቅዬ ቀረሁ። ከተማው በሙሉ ተነቅሎ ቁልቁል ሲወርድ ከዚያ ቆዳ ሥር ቆሜ አየሁት። ከጠቅላላው ሰፈር የቀረው የምድጃ ድንጋይና አመድ፣ እኔና ጌሾው ነበርን።

መጀመሪያ መጡ። እሑድ እሑድ በቅሎ እየጋለቡ መጡ፤ እኔም «አላልኩህም?» እያልኩ ደምመላሽን አበሸቅኩት። ከዚያ ቁጥራቸው እየሳሳ ሄደ፤ ክረምቱ ሲገባ ጨርሰው ቀሩ። ነገሩን ያወቅሁት ደምመላሽ ለበዓል መጥቶ ሲስመኝ ነው። ጠጅ ሸተተኝ። ያውም ምን ዓይነት ጠጅ!

«ይህን የነቀዘ ጌሾ የጣለችው ማን ናት?» አልኩት።

ተንተባተበ። «እኅተማርያም... ከጌታው ደጅ አጠገብ ትንሽ ቤት ከፍታለች።»

እኅተማርያም! የእኔን ጋን ስታጥብ የኖረችው እኅተማርያም! ጋን ማጠን እንኳ በቅጡ አልተማረችም፤ ጠጇ በሳምንቱ ጥርስ ያደነዝዛል።

«እና ይጠጡታል?»

«ቅርብ ነዋ» አለ፣ ሌላ ምክንያት የማያስፈልገው ይመስል። «ሰዉ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይላል። ወለቴ፣ ነይ ጎባ ግቢ። ቤት አለኝ፣ በሩም ደህና ነው።»

የመታኝ ይህ ነው። እኔ ለጌሾ ዕድሜዬን ስሰጥ፣ ለካ ጌሾውን ከእኔ በቀር የሚቀምሰው ሰው አልነበረም! የእኔ ወታደር የሚፈልገው ቅርብ ጠጅ ነው። ንዴቴ ከሰው ይሁን ከራሴ መለየት አቃተኝ። «ሂድ እዚያው የደጅህን ጠጣ!» ብዬ ሰደድኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ሞኝነቴን ጨብጬ ተቀመጥኩ። የጣልኩት ጠጅ ጠጪ አጥቶ ሆመጠጠ። እንደዚያ ያለውን ጠጅ በገዛ እጄ ሜዳ ላይ ደፋሁት።

ከዚያ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር የሚሄዱ ምእመናን በመንገዱ ማለፍ ጀመሩ። ወራቱ ሲደርስ ከምዕራቡ ደጋ ተነሥተው፣ ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው፣ መንዙማ እያሉ በመንጋ ይወርዳሉ። በደጄ ይህን ያህል ሰው ሲያልፍ እኔ ባዶ ቤት ታቅፌ ተቀምጫለሁ! አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ከቆዳው ሥር ወጥቼ «ግቡ፣ ተጠለሉ! ውሃም አለ!» ብዬ ጮኽኩ።

አንድ ሽማግሌ ቀረብ አለ። «አሰላሙ አለይኩም። ጋላቶሚ፣ እናቴ» ብሎ አመሰገነኝና ሊገባ አንድ እግሩን አነሣ። ቆዳውን ስለገለጥኩለት ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፤ ጋኖቹን አየ። ቀና ሲል ደግሞ ከካቡ በላይ ጌሾውን አየ። እግሩን መለሰ። «መነ ዳዲ» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። የጠጅ ቤት ነው ማለቱ ነው። ሁሉም ዝናብ እየመታቸው አለፉ። ኋላ የመጡትም እንዲሁ፣ ከዚያ የተከተሉትም እንዲሁ። ውሃ በነፃ ልስጥ ብዬ ተቀባይ አጣሁ! ቀን ሙሉ ስጮህ ዋልኩ።

ሙሚና ማሯን ይዛ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። «ጊፍቲ፣ ምን ሆኑ? ድምፅዎ እስከ ወንዙ ይሰማል» አለችኝ። ጊፍቲ በእነሱ ቋንቋ እመቤት ማለት ነው።

«ሰው ውሃ እንኳ አልቀበልም አለኝ!»

«ዝያራ የሚሄዱ ናቸው» አለች። «ቢርዚ ቢያገኙ ይጠጡ ነበር። ማርና ውሃ ምን አለበት? ሐላል ነው። ከእርስዎ ጋን ግን አይጠጡም፤ ጠጅ የነበረበት ነው። ደግሞ ያ...» ብላ በአገጯ ወደ ጌሾው አመለከተች። «ያ ከደጅ ቆሞ፣ ጌሾ አልገባበትም ቢሏቸው ማን ያምናል?»

ብርዝ! ማር በውሃ በጥብጦ፣ ሰፈፉን አጥሎ ማቅረብ፤ ጌሾ የማይገባበት፣ ሙያ የማይጠይቅ፣ የማንም ሴት ሥራ! ለእኔ ይህን መናገሯ እንደ ስድብ ሆነብኝ። «ውጪልኝ!» ብዬ አስወጣኋት። እሷም ማሩን አስረክባ ባዶ ቅሏን ይዛ ወጣች። ካቡ ዘንድ ደርሳ እንደ ልማዷ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ሄደች።

የሚቀጥሉትን ቀናት ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። ጎባ ብገባ እኅተማርያም ጎን ተሰልፌ በነቀዘ ጌሾ ጠጅ ልጥል ነው፤ ሌላ ነጋሪት ሲመታ ደግሞ ልነቀል ነው። እዚሁ ብቀር ከጌሾው ጋር በረሃብ ልሞት ነው። ሁሉን ትቼ ቤቱን ላትርፍ ብል ቤቱን የሚያተርፈው ጌሾውን መቁረጥ ነው። የቀረሁት ለጌሾው ነበር! ይህን ነገር ስንት ጊዜ አገላብጬ ባየው ያው ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ለእኔ ሲደግስ ግን ድግሱን በጠላሁት ምግብ አደረገው።

ምእመናኑ ከመመለሳቸው በፊት ምሳር አነሣሁ። ከእናቴ ጓሮ የመጣችውን በመጀመሪያ ቆረጥኩ፤ ወደኋላ ካስቀረኋት እንደማልችል አውቃለሁ። አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ ደግሞ ቆረጥኩ። ጋኖቼን ወደ ጓዳ አስገብቼ በሙሚና አዳዲስ ቅሎች ብርዝ በጠበጥኩ። ስጠይቃት አመጣችልኝ።

ሽማግሌው ሲመለስ ካቡን አየ፣ ጉቶውን አየ፣ እኔን አየ። «ቢስሚላሂ» ብሎ ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የሚመጣው ጨው ይዞ ይመጣል፣ በግ ይዞ ይመጣል፣ ቆዳ ይዞ ይመጣል። እኔም በጥብጬ እሰጣለሁ። ስንቱን ዓመት የተማርኩት ሙያ ምንም አላስፈለገም።

ደምመላሽ የተቆረጠውን እንጨት ክምር ያየ ዕለት በበቅሎው ጭኖ ጎባ ወሰደው። ለእኅተማርያም ሰጣት። እኔም አልከለከልኩትም፤ መሬት ላይ ሲበሰብስ ከማይ ይሻላል። ኋላ ሲመለስ በቅሎዋ ላይ የተጫነው በሩ ነው። ፊታውራሪውን አስፈቅዶ፣ ሲጠሩት ከመሄድ በቀር መኖሪያውን እዚህ ሊያደርግ መጥቷል።

«እንጨቱስ?» አልኩት በሩን ሲተክል።

«ጣለችው። ወለቴ፣ ጎባ እንደዚያ ያለ ጠጅ ተጠጥቶ አያውቅም! ሰዉ ሁሉ እየተጋፋ ነው።»

«እና ምን አሉ?»

መዶሻውን አስቀመጠ። ሊዋሸኝ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ አልሆነለትም። «ዘንድሮ ማሩ ግሩም ነው አሉ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ የተተከለውን በር ከፍቼ ስወጣ ሙሚና ከወንዙ ማዶ አንዲት ጥጃ እየነዳች ስትመጣ አየሁ። እኔን አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች። በካቡ መግቢያ ግራና ቀኝ ሁለት የተፈለፈሉ ድንጋዮች አሉ። ለምን እንደሆኑ ስንት ዓመት ሳያቸው አልጠየቅኩም። ጥጃዋን ወደ ውስጥ ለቀቀች፤ ከካቡ ሥር ጎንበስ ብላ ሣር የዋጠው አሮጌ አጣና አወጣች፤ ዓይኗን ሳትጥል፣ እጇ ብቻ እያወቀ፣ በሁለቱ ድንጋዮች ቀዳዳ አሻግራ ዘጋችው። ከዚያ ካቡን ተደገፈች። ስንት ዓመት ሙሉ እንደምትደገፈው፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ክንዷ ተደገፈች።

ጌሾዬን ነበር የምታየው ያልኩት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እሷ የምታየው በረቷን ነበር።

የጉቶዎቹ ጎን ጎን አዲስ ለምለም ቀንበጥ አውጥቶ ነበር፤ ጌሾ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል። ጥጃዋ አፏን ወደዚያ አደረገች። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ጩኸትማ የእኔ ሙያ ነው። ለማገዶ ብለው ሲነቅሉኝ ጮኼያለሁ፣ ለውርጭ ጮኼያለሁ፣ ለነጋሪት ጮኼያለሁ፣ ዝናብ ለሚመታው መንገደኛ ጮኼያለሁ። ይህች ሴት ከቤቷ ተነሥታ ወንዝ ስትሻገር ድምጿን የሰማ ማነው? እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ደምመላሽ ከኋላዬ ወጣ። «ወለቴ፣ ጥጃ ገብቶልሻል! ጌሾው እያቆጠቆጠ ነበር እኮ። ላባርረው?»

«ተዋት» አልኩት።

ጥጃዋ የመጨረሻዋን ቀንበጥ እስክትጨርስ ድረስ ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋት።